ስለ ሽጉጥ እጀታና ስለ ያዢው እጅ

አንዳንድ ጥያቄ አለ፤ ሲጠየቅ ለነጋዴ የተጠየቀ ይመስላል፤ መልሱን ሊሰጥ የሚችለው ግን ኅሊና ብቻ ነው። ቢላዋ የሚገዛ ሰው ነጋዴውን «ስለቱ እንዴት ነው? እጀታውስ ይጠብቃል?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ «ምን ልቈርጥበት ነው የምገዛው?» ብሎ አይጠይቀውም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የገዢው የራሱ ጥያቄ ነው። እርሱ ራሱን ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም፤ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ደግሞ አንድ ቀን በክፉ ሰዓት ተነሥቶ መልስ መፈለጉ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር። የእኅቴ ልጅ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች መካከል እህልና ቡና እየገዛ የሚሸጥ ታታሪ ወጣት ነው። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ቤቴ መጣ። ከበረንዳዬ ላይ ጣና በዛፎቹ መካከል ይታያል፤ ሁለታችንም ወደ ሐይቁ እየተመለከትን ቡና ጠጣን። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አወጣና የሽጉጥ ሥዕል አሳየኝ።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ሕጉ በሚያዘው መንገድ ፈቃድ ጠይቄ ለራሴ መጠበቂያ አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ለመያዝ አስቤአለሁ። እርስዎ የአያቴን ሽጉጥ ይዘው ስለ ነበር ያውቁበታል ብዬ ነው የመጣሁት። እጀታው የእንጨት ይሻላል ወይስ የላስቲክ? ስድስቱን ጥይት ባንድ ጊዜ የሚያጎርሰው መሣሪያስ የትኛው ዐይነት ይሻላል ይላሉ?»

መልሱን ወዲያው አልሰጠሁትም። ዝም ያልሁት ነገሩን ባለማወቅ አልነበረም፤ ከጠየቀኝ ነገር ይልቅ ያልጠየቀኝ ነገር ስለ በዛብኝ ነው እንጂ። በኋላ የመለስሁለትን ለእርሱ ብቻ ነግሬ ከምተወው ለእናንተም ለወጣቶች ልጻፈው ብዬ ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ።

አስቀድሜ ዕቃውን ላላየ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይቱ እንደ ሌላው ሽጉጥ በካዝና ሆኖ በእጀታው ውስጥ አይቀመጥም። ከአፈሙዙ በስተኋላ ስድስት ቀዳዳዎች ያሉት ተሽከርካሪ የጥይት ቤት አለው፤ ቃታው በተሳበ ቍጥር ይህ የጥይት ቤት አንድ ርምጃ ይዞርና አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ይቆማል። ሳሙኤል ኮልት የተባለው አሜሪካዊ ለዚህ ዐይነቱ ሽጉጥ በአገሩ የፈጠራ መብት ያወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. ነው።

እጀታው በብረቱ ግራና ቀኝ በቡሎን የሚታሰር እንጨት ወይም ላስቲክ ነው። ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ጌጥ አይደለም። የእጀታው ውፍረት ሌባ ጣት ቃታው ላይ እንዴት እንደሚደርስ ይወስናል። መዶሻውን አስቀድሞ ሳያነሡ ቃታውን ብቻ ለመሳብ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ኀይል ያስፈልጋል፤ እጀታው ለእጁ የወፈረበት ሰው በጣቱ ጫፍ ብቻ ስለሚስብ ወይ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄድበታል፤ ወይ ቃታው እስከ መጨረሻው አይመጣለትም። የተወለወለ እንጨት ከልብስ ሥር ሲወጣ አይያዝም፤ ላብ ባለው እጅ ግን ይንሸራተታል። ላስቲክ ደግሞ መዳፍን ይዞ ይቀራል፤ የተኩሱንም ግፊት ያለዝባል፤ ነገር ግን የልብስን ጨርቅ እየያዘ ሽጉጡ እንዳይወጣ ያደርጋል።

በእንግሊዝኛ «ስፒድሎደር» የሚሉት፣ እኛ በቋንቋችን አጉራሽ ልንለው የምንችለው መሣሪያ ደግሞ ስድስቱን ጥይት በቀዳዳዎቹ አኳኋን ክብ አድርጎ ከግርጌያቸው የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ባዶው ቀለሃ ከወጣ በኋላ ስድስቱም ባንድ ጊዜ ይገባሉ። አንዳንዱ አናቱ ሲጠመዘዝ ጥይቱን ይለቅቃል፤ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይለቅቃል። ከሁለቱም ሌላ ጥይቱን በረድፍ የሚይዝ ጠፍጣፋ የላስቲክ ቀበቶ አለ፤ ይህ ኪስ ውስጥ አያብጥም፤ ነገር ግን ጥይቱን የሚያስገባው ሁለት ሁለት እያደረገ ስለ ሆነ ይዘገያል። ደግሞም እጀታና አጉራሽ ለየብቻ አይመረጡም። የእጀታው የግራ ጎን ወፍራም ከሆነ አጉራሹ በርሱ ላይ ይደገፍና ጥይቱ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ስለዚህ ዐዋቂዎች ያን ጎን ቀነስ አድርገው ያስጠርቡታል።

የእኅቴ ልጅ የጠየቀኝ ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ፈጥኖ ማጉረስ ጥቅም የለውም አልልም፤ እንዲህ ብል እውነትን መሸሸግ ይሆንብኛል። ፕሪዶ የተባለ እንግሊዛዊ ለእንዲህ ያለው አጉራሽ የፈጠራ መብት ያወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ መኰንኖች ተጠቅመውበታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ኒውሆል በተባለ ስፍራ አራት የመንገድ ፖሊሶች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተገደሉ። ከነርሱ አንዱ የተገደለው ባዶ የሆነውን ሽጉጡን በእጁ አንድ አንድ እያለ ሲያጎርስ ነበር። ከዚያ በኋላ የዚያ ግዛት ፖሊስ ለባልደረቦቹ አጉራሽ እንዲይዙ ፈቀደ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን በዚህም ይሠራል፤ የፈራ ሰው ጣት ጥይት ያፈስሳል፤ ያፈሰሰውንም ለመልቀም ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ መሣሪያው የተፈጠረው ለክፋት አይደለም። የሰው ሕይወት ለማዳን ታስቦ የተሠራ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ እኔ ራሴ ያየሁትን ልናገር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያ በየመንደሩ ገብቶ ነበር። ባሕር ዳርም ሌሊት ሌሊት ተኩስ ይሰማባት ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ጐልማሳ ነበርሁ፤ በገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቶ ፈቃድ ያወጣበት ስድስት ጎራሽ ሽጉጡ ለእኔ ደርሶኝ ነበር። አባቴ አራሽ ስለ ነበር እጁ ትልቅ ነው፤ እጀታውንም በወይራ እንጨት ለእጁ ልክ አስጠርቦት ነበር። ለእኔ እጅ እጅግ ይወፍራል። ቢሆንም «አባቴ የያዘውን እንዴት እለውጣለሁ?» ብዬ እንዳለ ተውሁት።

አንድ ማታ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የቀኑን ገንዘብ በኰቴ ኪስ ይዤ በሐይቁ ዳር ባለው ቀጭን መንገድ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ከደንገሉ በኩል የሚሮጥ ሰው ኰቴ ሰማሁ። ዘወር ብል አንድ ሰው በትከሻው ላይ ረዥም ነገር ይዞ ወደ እኔ ይሮጣል። ጠመንጃ መሰለኝ። «ማነህ?» አላልሁም። «ቁም!» አላልሁም። ሽጉጡን አወጣሁና ቃታውን ሳብሁት።

ጣቴ በጫፉ ብቻ ነበር የደረሰው። መዳፌም በላብ ርሶ ነበር። መዶሻው ከግማሽ በላይ ተነሣ፤ እዚያ ላይ እንጨቱ በመዳፌ ውስጥ ዞረብኝና ጣቴ ከቃታው ተንሸራተተ፤ መዶሻውም ተመለሰ። እጄን አስተካክዬ እንደገና ልስብ ስል ሰውየው ጮኸ።

«ኧረ ዓሣ ነው! ዓሣ ነው የያዝሁት!»

በትከሻው ላይ የነበረው የታንኳ መቅዘፊያ ሽመል ነበር። በጫፉ ላይ ዓሣ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ልጅ ነው። ይሮጥ የነበረው ዝናብ ማካፋት ስለ ጀመረ ነው። እጄን ዝቅ ሳደርግ እየተንቀጠቀጠ በአጠገቤ አለፈና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ስላልገደልሁት አመሰገነኝ።

ከዚያ ማታ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአባቴን እጀታ ስባርክ ኖርሁ። ያ እንጨት ለእጄ ልክ ቢሆን ኖሮ ልጁ በዚያ መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ነበርሁ። ነገር ግን ሳሰላስለው ምስጋናዬ የተሳሳተ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ማታ የመጣው በእርግጥ ወንበዴ ቢሆን ያው እጀታ እኔን ያስገድለኝ ነበር። እንጨቱ ዓሣ አጥማጁንና ወንበዴውን ለይቶ አላወቀም። ሊያውቅ የሚገባው እኔ ነበርሁ። ያልተስማማ እጀታ በድንገት ያደረገልኝን ነገር ኅሊናዬ ዐውቆ ሊያደርግልኝ ይገባ ነበር። ይህም አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ማነህ?» ማለት።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ በሙሉ ከዚህ የወጣ ነው። ዛሬ የእኅቴ ልጅ ለእጁ ልክ የሆነ እጀታና ፈጣን አጉራሽ ሲመርጥ እኔን ያገደኝን ነገር ሁሉ ከመሣሪያው ላይ እያነሣ ነው። ማንሣቱ ስሕተት አይደለም፤ የማይታዘዝ መሣሪያ ይዞ መሄድ ጥበብ አይደለምና። ነገር ግን ከብረቱ ላይ የተቀነሰው መዘግየት በሰውየው ላይ መጨመር አለበት። መሣሪያው አንድ ጊዜ በፈጠነ ቍጥር ያዢው አንድ ጊዜ ቀዝቀዝ ማለትን መማር ይገባዋል። ይህን ሂሳብ ሳያወራርድ የሚገዛ ሰው የገዛው መጠበቂያ አይደለም፤ ፍርሃቱ ፈጥኖ የሚሠራበትን መሣሪያ ነው የገዛው።

የአገራችንም ሕግ የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ78ኛው አንቀጽ ራሱን ወይም ሌላውን ለመከላከል አንድ ነገር ያደረገ ሰው እንደማይቀጣ ይናገራል፤ ግን ገደብ አለው። ጥቃቱ ከሕግ ውጪ የሆነና በዚያው ሰዓት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ ሌላ ማምለጫ መንገድ መታጣት አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋራ የተመጣጠነ መሆን አለበት። ይህን ወሰን ላለፈ ሰው ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ቅጣት የሚቀልበትን መንገድ ያሳያል እንጂ ያደረገውን ልክ ነው አይለውም።

አሁን ይህን ሕግ ከአጉራሹ ጋራ እናስተያየው። አጉራሹ የሚያስፈልገው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥይቶች ካለቁ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ወይ አሁንም ያጠቃሃል፤ ወይ ወድቋል፤ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሸሻል። ሕግም ኅሊናም እንደገና እንድትተኵስ የሚፈቅዱልህ በመጀመሪያው ሁኔታ ብቻ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ለአንዱ ነው፤ የሚፈጥነው ግን ለሦስቱም እኩል ነው። በወደቀ ሰው ላይም ሆነ በሚሸሽ ሰው ላይ ስድስቱ ጥይት እኩል ይገባል። የሚለየው ያንተ ዐይን ነው። በዚያች ደቂቃ ደግሞ ዐይንህ በፍርሃትና በቍጣ የተሞላ ነው። ስለዚህ «መቼ አቆማለሁ?» የሚለው ጥያቄ በዚያን ሰዓት የሚመለስ አይደለም፤ ልብ በረጋ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቤት ውስጥ ተቀምጦ አስቀድሞ የሚመለስ ነው። ዝናሩን ሲሞላ ይህን ያልመለሰ ሰው በጨለማ አይመልሰውም።

ሌላም ነገር አለ። ሻጮች እንዲህ ያለውን መሣሪያ «የግል መጠበቂያ» ይሉታል። በጎጃምና በጎንደር ለተወለደ ሰው ግን ይህ «የግል» የሚለው ቃል እውነት አይደለም። ባገራችን ደም የግል ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰው ሲገድል የሟች ወገን ደመኛ የሚያደርገው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ ወንድሙንም፣ የአጎቱንም ልጅ ነው። ጠቡን ያልሰማ ወንድም ማሳውን ጥሎ ይሰደዳል፤ ልጁ ከብት ይዞ ወደ ወንዝ መውረድ ይፈራል። ደም አድራቂ ሽማግሎች ስንት ቀን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ተመላልሰው፣ ለምነው፣ ካሣ አስከፍለው፣ አስምለው ነገሩን ያበርዱታል። አንዳንዴም አይበርድም። ስድስት ጥይት ለማጉረስ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል፤ አንዱን ደም ለማድረቅ ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ላይበቃ ይችላል። የምትገዛው ለራስህ ነው፤ ዕዳው ግን በወንድሞችህ ስም ይጻፋል። ስለዚህ አጉራሽ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሒሳቡን ሲያሰላ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ይህንንም መቍጠር አለበት።

ስለ እጀታ ስንናገር ደግሞ ስለ ክብር አለመናገር አይቻልም። ብዙ ወጣት እጀታ የሚመርጠው ለእጁ ሳይሆን ለተመልካች ነው። የሚያብረቀርቀውን፣ ብር የተለበጠበትን፣ በሠርግ ላይ ጃኬቱን ገለጥ ሲያደርግ የሚታየውን ይመርጣል። የዚህን ነገር ከንቱነት ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በራሳችን አገር የተፈጸመ ነው። ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ በዐመፀኞች እጅ ቈስሎ ሞተ፤ ንጉሡም የወዳጃቸውን ደም ተበቀሉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስላቸው ስለ ተደረገው ደግነት የምስጋና ቃል የተቀረጸበት ሽጉጥ አሠርተው በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን እጅ በ1862 ዓ.ም. ላኩላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ንጉሡ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉ ታሰረ፤ ከጣና በስተምሥራቅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ተጓዘ፤ የእንግሊዝ ጦርም መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእኛ አቈጣጠር ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የገደሉበት ያው ከንግሥቲቱ የተላከላቸው ሽጉጥ ነው።

ይህን የማነሣው በንጉሡ ለመፍረድ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ብረት ላይ የተጻፈው ቃል ስለ ወዳጅነትና ስለ ምስጋና የሚናገር ነበር፤ ብረቱ ግን የተጻፈበትን አያነብም። ሠሪው ለእጅ የሚመች አድርጎ ሠርቶታል፤ ሰጪዋም በክብር ሰጥተውታል፤ አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር ግን ሠሪውም ሰጪዋም ሊወስኑ አልቻሉም። ይህን የሚወስነው ያዢው ሰውና ያለበት ሰዓት ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ከሰማኝ በኋላ ግን እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፤ አይቈጡኝ። እርስዎ በረንዳዎ ላይ ተቀምጠው ነው የሚመክሩኝ፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ነኝ። ከእኔ ጋራ የሚነግዱ ሰዎች ታግተው ቤተ ሰዎቻቸው ሀብታቸውን ሸጠው አስለቅቀዋቸዋል። ያን ጊዜ ‹ማነህ?› ብሎ መጠየቅ ይበቃል?»

ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። በዚህች በባሕር ዳር ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንን በሥራ ቦታቸው ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በጥይት ተመተው ሞተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ምን ያህል እንደ ከበደ ሁላችንም አይተናል። ፍርሃቱ የልጅ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ እውነቱን ነገርሁት። «ልጄ፤ ‹ማነህ?› ማለት ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንድ ጊዜ የጠየቀ ይሞታል። እኔ ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚተኵስ ሰው ሌሎችን ይገድላል፤ ከገደላቸውም መካከል ዓሣ የያዘው ልጅ አይጠፋም። ደግሞም ዐሥር ሆነው መንገድ ለዘጉብህ ሰዎች ስድስት ጥይት ቢጨመርበትም ዐሥራ ሁለት ነው፤ አጉራሽ ቍጥርን ይጨምራል እንጂ ብቸኝነትን አያስቀርም። ከብቸኝነት የሚያድንህ ከሌሎች ጋራ መጓዝ፣ መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሲመሽ ማደር፣ ገንዘብህንም በኪስህ ከመያዝ በባንክና በስልክ ማስተላለፍ ነው። ይህም ቢሆን ፈጽሞ አያድንም፤ ከሽጉጡ ግን አስቀድሞ ሊደረግ ይገባዋል።»

ከዚያ በኋላ ወደ ጠየቀኝ ነገር ተመለስሁ፤ የተጠየቀውን አለመመለስ ነውር ነውና።

«በመጀመሪያ» አልሁት፤ «በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ ፈቃዱ ሳይሰጥህ ስለ እጀታ አታስብ። ሁለተኛ፤ ፈቃዱ ቢሰጥህ እጀታውን በአያትህ እጅ ሳይሆን በራስህ እጅ ለካው። ጣትህ ከቃታው ውጪ ቀጥ ብሎ ማረፍ የሚችልበትን፣ ሲያስፈልግም ሳይንጠራራ ቃታው ላይ የሚደርስበትን ምረጥ። ጣት ከቃታው ውጪ የሚያርፍበት ቦታ ከማይመች እጀታ ሽሽ፤ ማረፊያ የሌለው ጣት ሥራ ይፈልጋልና። ሦስተኛ፤ አጉራሹ በእጀታው የግራ ጎን ሳይነካ የሚያልፍ መሆኑን በባዶ ቀለሃ ሞክር። ከሁለቱ ዐይነት እጅህ በጨለማ የሚያውቀው ይሻላል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። አራተኛ፤ እጅህን ባለማመድህ ቍጥር አፍህንም አለማምድ። ሽጉጡን ባዶውን ስታወጣ ጮክ ብለህ ‹ማነህ? ቁም!› በል። መቶ ጊዜ ብታወጣ መቶ ጊዜ በል። በፍርሃት ሰዓት ሰው የሚያደርገው የለመደውን ነውና። አምስተኛ፤ ጠላም ሆነ አረቄ በቀመስህበት ቀን ከቤትህ ይዘኸው አትውጣ፤ በሠርግ ቤትም ወደ ሰማይ አትተኵስ፤ ወደ ላይ የወጣ ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትን ሰው አይመርጥም። ቤት ውስጥም ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈህ አስቀምጠው።»

ወጣቱ ዝም ብሎ ቈየና «እንግዲያስ አሁን አስቀድሜ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«አሁን ምንም አትግዛ» አልሁት። «አንድ ወር ሙሉ በምትሄድበት ሁሉ ልብ በል። ሽጉጥ ይዘህ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ታወጣ እንደ ነበር ቍጠር። ከዚያም የፈራኸው ነገር በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደ ተገኘ ጻፈው።»

በወሩ መጨረሻ ተመልሶ መጣ። ይህን ያህል አስቦ ይቈጥራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ እርሱ ግን በትንሽ ደብተር ላይ በቀን በቀኑ ጽፎታል። አራት ጊዜ እጁ ወደ ወገቡ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። አንዱ በሌሊት በሩን ያንኳኳ ጎረቤቱ ነው፤ ሚስቱ ምጥ ይዟት መኪና ሊለምን ነው የመጣው። ሁለተኛው መኪናውን እጁን ዘርግቶ ያስቆመ፣ ጎማ የተበላሸበት ሾፌር ነው። ሦስተኛው በገበያ ከኋላው የተከተለው፣ የወደቀበትን ወረቀት ሊሰጠው የፈለገ ተሸካሚ ነው።

«አራተኛውስ?» አልሁት።

«አራተኛውን እስካሁን አላወቅሁትም» አለ። «ሁለት ሰዎች ናቸው። መንገድ ዳር ቆመው ያዩኝ ነበር። መኪናውን አዙሬ ተመለስሁ።»

«ተመልሰህ ምን አጣህ?»

«የአንድ ቀን ንግድ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም። ማመልከቻውን አስገብቷል፤ እኔም አልከለከልሁትም፤ ዕድሜው የራሱ ነው፤ መንገዱም የራሱ ነው። ፈቃዱን ካገኘ ለእጁ ልክ የሆነ እጀታ ይመርጣል፤ አጉራሹንም ይገዛ ይሆናል። ደብተሩን ግን አልጣለውም፤ አሁንም ይጽፍበታል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ በቋንቋችን ጥይትም ይጎርሳል፣ ሰውም ይጎርሳል። ለሚወዱት ሰው ጉርሻ የሚያነሣውና ሽጉጥ የሚያጎርሰው አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው መሣሪያ ከመምረጡ በፊት ይህን እጁን በፀሐይ ዘርግቶ ይየው፤ ምን ያህል እንደሚፈጥን ብቻ ሳይሆን፣ ከጀመረ በኋላ ማቆም ይችል እንደ ሆነ ይጠይቀው። ለፍጥነቱ የሚረዳ መሣሪያ በገበያ አለ። ለማቆሙ የሚረዳ ግን ሌላ ማንም አይሸጥለትም፤ ራሱ በቀን ተቀምጦ የሚሠራው ነው።